የከርነሉን ቤት ማን አሳየ

ጥቅምት 6 ቀን 2010፣ ሰኞ

የሚቀጥለው ዜና ተቆሞ ይነበብ። ኮፍያ ያደረገ ያውልቅ። ዕድሜውን ሙሉ በጓዳ ተሸሽጎ የኖረው፣ ለዘመድም ለባዳም ደጁን አሳይቶ የማያውቀው፣ የክቡር የከርነል የመኖሪያ አድራሻ ዛሬ ከምሳ በኋላ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ሊፍቱ በማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ወጥቷል። አድራሻውን ያወጣው ኢያቄም የተባለ፣ ኮሌጅ ገብቶ ኮሌጁ ያልገባው ወጣት ሲሆን፣ በድርጊቱ አለመጸጸቱን ለገዛ ደብተሩ አስታውቋል። ቤተሰብ ይጽናና።

ኢያቄም እኔ ነኝ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ፣ ማለቴ ወደ ቀልዱ።

የኛ ቢሮ የወረፋ ማሽን ይሠራል። ጤና ጣቢያ ይቆማል፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ የታካሚውን ካርድና የሚሄድበትን ክፍል ታስገባለች፣ ማሽኑ ቲኬት ይተፋል፣ ቆይቶ «ቁጥር ሠላሳ ስምንት» ብሎ ይጠራል። ስም አይጠራም። ማን ወደየትኛው ክፍል እንደሚሄድ የሚያውቀው ማሽኑ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አያወራም። የተገዛው ለዚሁ ነው። የኔ ሥራ ስልክ ማንሳት ነው። ማሽን ሲያስቸግር ይደውላሉ። ኔትወርኩ ስለማይታመን ከዚህ ሆኜ ውስጡን ማየት አልችልም፤ እነሱ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብለው ያነቡልኛል፣ እኔ እፈርዳለሁ።

ዛሬ ፎጣ ጠምጥሜ ጠንቋይ ሆንኩ።

ከርነል የማሽኑ አስኳል ነው፤ ቁልፉ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው። ተራ ፕሮግራሞች ሳሎን ይቀመጣሉ፣ እሱ ጓዳ። ክረምት ላይ የጫንነው አዲሱ ሲስተም ደግሞ ማሽኑ በበራ ቁጥር ዕጣ አውጥቶ ቤት ያስቀይረዋል፣ ሳሎን የገባ ሌባ የት እንዳለ እንዳያውቅ። «ቢሮ ያለውን ማሽን አጥፉት፣ አብሩት፣ ፓስወርድ አትስጡኝ» አልኳቸው ለባልደረቦቼ። «ዛሬ ያደረበትን ቤት እነግራችኋለሁ። ውርርዱ ማኪያቶ ነው።»

ፍሬሰላም በዋናው ቁልፍ ገብታ ትክክለኛውን አየች። የማሽኑን ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ናት፤ እኔንም እዚህ ያስገባችኝ እሷ ናት። ስክሪኔን አየት አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አጓርቼ፣ ቁጥሩን ነገርኳት። ልክ። አጥፍተው አበሩት፣ ሰውዬው ቤት ቀየረ። አጓራሁ። አሁንም ልክ።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ፍሬ አልሳቀችም።

«ከየት አመጣኸው?»

«ዛሬ የመጣብኝ ዛር ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማረ ነው።»

«ያቄ። ከየት አመጣኸው?»

ማኪያቶውን ሳትጋብዘኝ ወደ ወንበሯ ሄደች።


ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

አስማቱ ተቃጠለ። ፍሬ አገኘችው።

የቲኬት ማተሚያውን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባ ድራይቨር አለ፣ ፍሬ የጻፈችው። ሥራ በጀመረ ቁጥር «እኔ ከርነሉ ውስጥ እዚህ ቦታ ተቀምጫለሁ» ብሎ አድራሻውን የማሽኑ የውሎ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መዝገቡን ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ማንበብ ይችላል። ጓዳ የተደበቀው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ሳሎን ወጥቶ አድራሻውን ይለጥፋል ማለት ነው። እኔ ያነበብኩት እሱን ነው።

ለምን ይጽፋል? ለስልክ ነዋ። አምና አንድ ሰው ፍሬን «በስልክ የሚነበብልኝ ቁጥር ስጪኝ፣ ድራይቨሩ ሞቶ ተነስቶ እንደሆነ የምለይበት፣ ታክሲ ለታክሲ መንከራተት ሰለቸኝ» እያለ ሲነዘንዛት ከረመ። ሰጠችው። የሰውዬውን ስም እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም። ደብተሩ የኔ ነው፣ የማልፈልገውን አልጽፍም።


ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ግቢያችን ሌሊቱን ጀሪካን ተሰልፎ ያድራል፤ ሰው ይተኛል፣ ጀሪካን ወረፋ ይጠብቃል። ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁና ሰልፉን እንዳለ፣ ቅደም ተከተሉን ሳላዛባ፣ ከቧንቧው ወደ መጸዳጃው ጀርባ አዛወርኩት። ከዚያ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ ጩኸቱን ጠበቅሁ።

ጩኸቱ ብዙም አልቆየም። አከራዬ እትዬ ገበያነሽ ጀሪካናቸው እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ነው። ከመጸዳጃው ጀርባ ቀይ ነገር ታያቸው። «ይኸው የኔ» አሉ። በቃ። አንዷ «እኔ ከሳቸው ቀጥሎ ነኝ» አለች፣ ሌላዋ «እኔ ከሷ ሦስተኛ» አለች፣ ሁሉም ሳይፈልግ ጀሪካኑን አነሳ።

«ኢያቄም» አሉኝ በመስኮት፣ «አንተ ባትወለድ እናትህ ምን ይቀርባት ነበር?»

«ሳቅ ይቀርባት ነበር እትዬ።»

«እንቅልፍ ታገኝ ነበር።»

እውነቴን ነው፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ሳቄ ቆመ። ከርነሉም ቤት ሲቀይር እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ዕቃው ሁሉ እንደተሰለፈ አብሮት ይዛወራል። ቀይ ጨርቅ ያለበት አንድ ጀሪካን ካየህ የቀረውን ቆጥረህ ታገኛለህ። ድራይቨሩ ቀይ ጨርቅ ነው።

ለፍሬ ደውዬ ነገርኳት። «ትናንት አንተን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለችኝ። ማለቴ ቁጥሩን ነው ያሰበችው። እንዲያም ሆኖ ዓረፍተ ነገሩን እዚህ ጽፌዋለሁ።


ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ኢንጂነር ታዲዎስ ዘንድ ገባን። አለቃችን ናቸው። ሲናገሩ በየቃሉ መሃል ስለሚያርፉ ነጠላ ሰረዝ ብዬ ሰይሜያቸዋለሁ። ቢሮው በሙሉ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው፤ እሳቸው ብቻ አያውቁም።

ፍሬ በሥርዓት አስረዳች። እኔ የጀሪካኑን ጨመርኩ።

«ጀሪካን» አሉ ኢንጂነሩ።

«በምሳሌ ነው ጋሼ።»

«አንተ፣ ባለፈው ወር፣ ሕንፃው፣ እየተቃጠለ፣ ነው፣ ብለህ፣ ደረጃ፣ አስወረድከኝ።»

«ልምምድ ነበር።»

«እና፣ ዛሬ፣ ምን፣ ልመን?»

ይሄ ነው ጣጣው። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ስሸውድ ኖሬ አንድ ቀን እውነት ይዤ ስመጣ ፊታቸው ቀልዱ የት ጋ እንደሆነ ይፈልጋል።

ፍሬን አመኗት፣ ግን ሌላ ነገር አመጡ። ማሽኑ ለሙከራ አንድ ጤና ጣቢያ ገብቷል፤ ታኅሣሥ ላይ ለሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች ርክክብ ነው። ኮሚቴው አይቶ ፈርሟል፣ ማኅተም ተመትቷል። አንዲት መስመር ከተነካች ኮሚቴው እንደገና መሰብሰብ አለበት፣ ኮሚቴ ደግሞ አበል ሳይኖር አይሰበሰብም። «ከተፈረመ፣ በኋላ፣ አይነካም። ደግሞም፣ አድራሻ፣ ማወቅ፣ በር፣ መክፈት፣ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው እኮ። ሌባው በር የሚሰብርበት ሌላ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ፍሬም ራሷን ነቀነቀች። ግን ቀዳዳ የሌለው ማሽን ማን አየ?

ወጥተን ልንሄድ ስንል ጠየቁ። «መስመሩን፣ የጻፈው፣ ማነው?»

ፍሬ አፏን ከፈተች። ኮንትራቷ ታኅሣሥ ላይ ወይ ይታደሳል ወይ አይታደስም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ረዘም አድርገው አዩኝ። እኔ ማተሚያው ላይ ወረቀት ስሞላ እንኳ ገልብጬ የማስገባ ሰው ነኝ። «ውጡ» አሉ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ።


ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ሙከራ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ማተሚያው ወረቀት በልቶ ነው። ሰፈሩ ከኛ ሩቅ ነው፣ በሁለት ታክሲ።

የካርድ ክፍሏ ፋኢዛ ናት። በስልክ ድምጿን እንጂ ፊቷን አላውቅም ነበር። «አንተ ነህ ያ ተረበኛ?» አለችኝ። «አጭር ነህ ለካ፤ በስልክ ግን ረጅም ነበርክ።»

የከነከነኝን ልጻፍ። አንደኛ፣ ማሽኑ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል። «ምንድነው?» ስላት «ጌም። ከሰዓት ወረፋው ሲሳሳ እንጫወታለን፣ የላብራቶሪው ልጅ ነው ያመጣው።» «እሱ ከየት አመጣው?» «ከጓደኛው።» ጓደኛው ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ያ ጌም ሳሎን ተቀምጦ መዝገቡን ማንበብ ይችላል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ስትደውልልኝ ቁጥሩን እንዴት እንዳነበበችልኝ አሳየችኝ፤ መስኮቷ ላይ ቆማ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ እንደ ሎተሪ ዕጣ።

ወረቀቱን እየመዘዝኩ ከማሽኑ ኋላ ተንበርክኬ ሳለሁ ቁጥር ተጠራ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተነሱ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው አሥራ አንድ ቁጥር ክፍል ገቡ። እዚያ ክፍል ደጃፍ የሚጠብቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተያዩም፤ ጣሪያ ያያሉ፣ ስልክ ያያሉ።

ጫማቸውን አወቅሁት። ጠዋት ጠዋት ለኪራይ በሬን የሚያንኳኳውን ጫማ እንዴት ላጣው?

ከቤታችን ጀርባ ጤና ጣቢያ አለ። ተንሸራተው የሚደርሱበት። ሁለት ታክሲ ይዘው እዚህ ድረስ።

ወጥተው እስኪሄዱ ድረስ ከማሽኑ ኋላ አልተነሳሁም። ፋኢዛ «ተኛህ እንዴ?» አለችኝ። «ወረቀቱ በጣም ገብቷል» አልኳት።

ጉንፋን ይሆናል። ጉንፋን ነው።


ጥቅምት 21

አልተውም። በቃ።


ጥቅምት 24፣ ዓርብ

ችኮላ ላይ ነኝ። ስልኩ አላርፍ ብሏል። ፋኢዛ ቁጥሩን ልታነብልኝ ስትል «አታንብቢ» አልኳት። «ታዲያ እንዴት ታውቃለህ?» «እመጣለሁ።» ሁለት ታክሲ፣ ደርሶ መልስ። ነገም እንደዚያው። ከነገ ወዲያም። ኢንጂነሩ «ስልክ፣ እያለ፣ ለምን፣ ትዞራለህ?» አሉ። «ለጤናዬ» አልኳቸው።

ታክሲ ውስጥ የጻፍኩት ነው፣ ፊደሉ ቢንጋደድ በረዳቱ ይፈረድ።


ጥቅምት 30፣ ሐሙስ

ዛሬ ሰማይ ራሱ ረዳኝ።

ኢንጂነር ታዲዎስ ቤታቸውን ለማንም አሳይተው አያውቁም። ሠራተኛ ቤቴን ካወቀ ሠርግ ጥሪ፣ ማኅበር፣ መዋጮ፣ ሽምግልና ደጄን ያጣብባል ይላሉ። ልጃቸውን ክርስትና ያስነሱ ጊዜ ድግሱን አዳራሽ ተከራይተው ነው ያበሉን። ዛሬ ግን የውሃ ሮቶ አስጭነው ሹፌሩ መንገዱ ጠፋበት። መስኮቱ ክፍት፣ ስልኩ አይሰማም፤ ያለ የሌለ ድምፃቸውን አውጥተው አቅጣጫ ሲያስረዱ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ረገፈ። መላው ቢሮ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። እኔ ጻፍኩ።

ፋኢዛ በመስኮት የምታነበው ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ነው እኮ። እዚህ አገር ሁሉ ነገር ጮክ ተብሎ በስልክ ነው የሚነገረው፤ የሰው ቤትም፣ የከርነል ቤትም።


ኅዳር 1፣ ዓርብ

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከዓመት ፈቃድ ማሳሰቢያው ጎን፣ እንዲህ ተለጥፎ ዋለ፦

«ወደ ኢንጂነር ታዲዎስ ቤት መሄድ ለምትፈልጉ። ባምቢስ ወርዳችሁ ፋርማሲውን ይዛችሁ ወደ ግራ ታጠፉ። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ ቀና በሉ። አረንጓዴ የብረት በር ነው፣ ታች ታቹን ዝጓል። መጥሪያው አይሠራም፣ በሩን በጠጠር ምቱ። ውሻው ይጮኻል እንጂ አይነክስም።»

ሠራተኛው ከሰሌዳው ፊት የተሰለፈው ሰልፍ የደመወዝ ቀን አይታይም። ጥበቃው ጋሽ ዳባ እንኳ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ መነጽር ተውሰው አነበቡ።

ኢንጂነሩ መጡ። አነበቡ። ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ይሄን፣ የለጠፈው፣ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የቤቴን፣ አድራሻ?»

«አድራሻ ማወቅ በር መክፈት አይደለም ብለውኝ ነበር።»

ከማተሚያው ኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመሰለ።

«ውሻዬ፣ እንደማይነክስ፣ ማን፣ ነገረህ?»

«እርስዎ። ለሮቶው ሹፌር።»

ወረቀቱን ቀድደው ኪሳቸው ከተቱት። «እስክጠራህ፣ ድረስ፣ እንዳትመጣ።»

ደረጃው ላይ ፍሬ ተከትላኝ ወረደች። እንደምታመሰግነኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ማን ላክህ?» አለችኝ። «አንተ ቀልደህ ትሄዳለህ። ነገ ፋይሉን ሲከፍቱ መስመሩ ላይ የሚያገኙት የኔን ስም ነው።»

«እኔ ነኝ ብያለሁ እኮ።»

«አንተ ድራይቨር መጻፍ ቀርቶ መጫን ትችላለህ?» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያስጻፈኝን ሰውዬ ነበር ልነግራቸው የሚገባኝ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።


ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ቤት። ግድግዳ። ጎረቤት ሬዲዮ። በሰው ስልክ እየደወልኩ ጓደኛ ልሸውድ ሞከርኩ፤ ማንም አልተሸወደ። «ያቄ ድምፅህ ምን ሆነ?» ይሉኛል።

ኢንጂነሩን ይቅርታ ልጠይቅ? አልጠይቅም። ፍሬን ግን

አይ። ተኛሁ።


ኅዳር 8፣ ዓርብ

እትዬ ገበያነሽ በሬን በእግራቸው ከፈቱት። እጃቸው ላይ ሽሮ አለ።

«ዛሬም ሥራ የለም?»

«ፈቃድ ወጥቼ ነው እትዬ።»

«ፈቃድ የወጣ ሰው ጺሙን ይላጫል።»

ተቀመጡ። ነገርኳቸው። ማሽን እንዳለ፣ ማሽኑ ውስጥ ቤቱን ለሰው የማያሳይ ሰውዬ እንዳለ፣ እኛው ራሳችን በየማለዳው አድራሻውን እንደምንለጥፍበት፣ ይሄን ተው ስል እንደታገድኩ። ማሽኑ የት እንደሚቆም አልነገርኳቸውም።

የነጠላቸውን ጫፍ አፍተለተሉ።

«እሱስ ምን ሠርቶ ነው የሚደበቀው?» አሉ። «ያልሰረቀ ምን ያስደብቀዋል?»

እያዩኝ ነበር። በስንት ዓመቴ እኚህ ሴትዮ እንዲህ ሲያዩኝ አይቼ አላውቅም።

«ምንም ሳይሠሩ መደበቅም አለ» አልኩ። «ሰው ቤቴን አላሳይም ካለ አላሳይም ነው። ምክንያቱ የራሱ ነው። የሰው ጓዳ ምን አገባን?»

የጎረቤት ሬዲዮ ማስታወቂያ አሰማ።

«እንዲህ ዓይነት ቁም ነገር ካፍህ ወጥቶ አያውቅም። አመመህ?»

«ጉንፋን ነው።»

«እኔም ሰሞኑን እሱ ነው የያዘኝ» አሉ። ተነሱ። በሩ ላይ ዞር ብለው «እንግዲህ አትተዋ» አሉኝ። «ከጀመርክ አትተው። የፈራህ እንደሆነ ቤት ኪራይ እጨምርብሃለሁ።»

ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ሙሉውን በላሁት።


ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ተጠራሁ። ያስጠራኝን ሰው መገመት አይቻልም፤ ጋሽ ዳባ ናቸው።

እሑድ ዕለት ልጃቸውን ስለሚድሩ የጥሪ ካርድ ይዘው ባምቢስ ወረዱ፣ ፋርማሲውን ወደ ግራ፣ ጎሚስታው ጋ ቀና። በሩን በጠጠር መቱ። ውሻው ጮኸ። ሳይነክስ። ኢንጂነር ታዲዎስ በቁምጣ ወጡ። ጋሽ ዳባ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ስለ ሙሽራው ዘር ከላይ ጀምረው ዘርዝረው፣ ራት በልተው ወጡ።

ኢንጂነሩ ወንበር አሳዩኝ። ፍሬም ተቀምጣለች። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

«ዳባ፣ ደግ፣ ሰው፣ ነው» አሉ። «የመጣው፣ በደግ፣ ነው። ሌሊቱን፣ ያሰብኩት፣ ግን፣ በደግ፣ ስለማይመጣው፣ ነው።» የጥሪ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በሩን፣ አልሰበረም። ግን፣ የትኛው፣ በር፣ እንደሆነ፣ ለመፈለግ፣ አልደከመም።»

«እሱን ነበር የምንለው ጋሼ።»

«አንተ፣ ዝም፣ በል። ኮሚቴውን፣ እጠራለሁ፣ አበሉ፣ በኔ። መስመሩ፣ ይውጣ። ግን፣ ስልኩስ? ቁጥር፣ ካልተነበበላችሁ፣ ርክክብ፣ ሲሆን፣ በየጤና፣ ጣቢያው፣ በታክሲ፣ ልትዞሩ፣ ነው?»

እዚህ ላይ ነው የተጣበቀው። ቁጥሩ ያስፈልገኛል፤ ድራይቨሩ ያው የቅድሙ ይሁን ወይም ሞቶ የተነሳ ሌላ የምለየው በሱ ነው። የት እንደሚኖር ማወቅ ግን አያስፈልገኝም።

«ቅጽል ስም እናውጣለት» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላሰብኩም። «ሰው ሁሉ በቅጽል ስሙ ሲጠራ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ቤቱ ግን አይታወቅም። አሁን ‹ነጠላ ሰረዝ መጣ› ቢባል ቢሮው በሙሉ ማን እንደመጣ ያውቃል። ከስሙ ተነስቶ ግን ባምቢስ የሚደርስ የለም።»

ፍሬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ነጠላ፣ ሰረዝ፣ ማነው?» አሉ ኢንጂነሩ።

«አንድ ሰው ነው።»

«እዚህ፣ የሚሠራ?»

«ከስሙ አይታወቅም። ጥቅሙ እሱ ነው።»

ወደ ፍሬ ዞሩ፣ ወደኔ ዞሩ። ቃል ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፣ አረፍ አሉ፣ ያረፉበትን ራሳቸው ሰሙት። ጆሯቸው ቀላ።

ፍሬ ግን ወንበሯ ላይ አልነበረችም፤ ማለቴ ሰውነቷ አለ፣ ሐሳቧ ሄዷል። «ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «አድራሻውን ማሽኑ ሲበራ ከሚያወጣው ምስጢር ጋር እፈጨዋለሁ። ያው ዕቃ ያው ቅጽል ስም ይሰጠዋል፣ እስኪጠፋ ድረስ። ሲበራ ሌላ ምስጢር፣ ሌላ ስም። ከዱቄቱ ወደ እህሉ መመለስ የለም። መዝገቡንም ለተራ ፕሮግራም እዘጋዋለሁ፤ ስሙ ስክሪኑ ላይ ብቻ ይታያል።»

«መጀመሪያስ፣ አድራሻ፣ እንዲጻፍ፣ የፈለገው፣ ማን፣ ነበር?» አሉ ኢንጂነሩ ሊያሰናብቱን ሲሉ።

ፍሬ አየችኝ። እኔ ጣሪያ አየሁ።

«ከስልኩ ወዲህ ያለ ሰው ነው» አለች። «ቅጽል ስም የለውም። እስካሁን።»


ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ፍሬ ጨረሰች። ስሞክረው ዋልኩ። ፎጣ ጠምጥሜ አጓራሁ፣ አጠፉ፣ አበሩ፣ ቁጥር ጠራሁ። ስህተት። እንደገና። ስህተት። ዛሩ ጥሎኝ ሄደ። ቢሮው እንደዚያን ዕለት ሳቀ፣ ፍሬም ሳቀች። ማኪያቶውን እኔ ጋበዝኩ፣ በደስታ።

ከሰዓት ፋኢዛ ደወለች። ማሽኑ ተንገዳግዶ ነበር። አዲሱን ቁጥር እዚያው መስኮት ላይ ቆማ፣ ለአዳራሹ ሁሉ፣ እንደ ዕጣ አነበበችልኝ።

«ጠዋት ካነበብሽልኝ ጋር አንድ ነው?»

«ሌላ ነው።»

«ሞቶ ተነስቷል ማለት ነው። ኬብሉን ነቅለሽ ስኪ።»

ሠራ። «ዛሬ ለምን ዝም ብለህ ሰማኸኝ?» አለችኝ። «አታንብቢ ስትል አልነበር?»

«ጩኺ» አልኳት። «እስከ ለገሃር ይሰማ።»

ፍላሹን ግን አስነቀልኳት። ለጌሙ አልቅሳለች።


ታኅሣሥ 5፣ ሐሙስ

ርክክብ ሆነ። ኮሚቴው እንደገና ፈረመ፣ እንደገና ማኅተም፣ እንደገና አምቦ ውሃ። የፍሬ ኮንትራት ታድሷል፤ ወረቀቱን አሳይታኝ ሳልጨርስ ነጠቀችኝ። ለኔም ቅጽል ስም ወጥቶልኛል፣ ቢሮው በሙሉ ይጠራኛል። እዚህ አልጽፈውም።

ኢንጂነር ታዲዎስ አሁንም በየቃሉ ያርፋሉ። ግን እኔ ስኖር አረፍ ብለው ያዩኛል፣ በል ተናገር እንደሚሉ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በጋሽ ዳባ ልጅ ሠርግ ላይ ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው አየኋቸው። ማንም አላስገደዳቸውም።

ከርክክቡ በፊት፣ ጠዋት፣ ሙከራ ጤና ጣቢያው ነበርኩ። ወረቀት ልቀይር። ቁጥር ተጠራ። አንዲት ሴትዮ ከወንበሩ ተነስተው በኮሪደሩ ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ቀና ያለ ሰው የለም፤ ቁጥር ነው፣ ማን ምን አገባው። እኔም ጥቅልሉን ማስገባት ላይ ነበርኩ። ቀና አላልኩም። ጫማውንም አላየሁም።

ማታ ቤት ስገባ እትዬ ገበያነሽ በራቸው ላይ ቆመው «ሥራ እንዴት ዋለ?» አሉኝ።

«ደህና። ጉንፋኑስ?»

«እየተሻለኝ ነው» አሉ። «ጀሪካኔን ግን ዛሬ ከነካህብኝ…»

«ቀዩን ጨርቅ ይፍቱት እንጂ እትዬ።»

ከሳምንት በላይ የታገድኩበት፣ ፍሬን ያስለቀስኩበት፣ የሰው ውሻ ስም ያጠፋሁበት ጉዳይ ይሄ ነው። መጀመሪያ ገጽ ላይ ቆማችሁ ያነበባችሁ ቁጭ በሉ፤ ኮፍያውንም መልሱ። ማንም አልሞተ፣ ምንም አልተሰረቀ። ፍሬ የቀየረችው አንዲት መስመር ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ከነመዝገቡ መዝጊያ ሁለት። በጣም ትንሽ ነገር ነበር።